ፍሬቻ ቅድሚያ አይሰጥም፦ ረድፍ ስለ መቀየርና ወደ ፈጣን መንገድ ስለ መግባት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመቴ ነው፣ የምነዳውም ቪትዝ ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ከቀኙ ረድፍ ወደ መሀል ልገባ ስል ፍሬቻ አብርቼ፣ ፍጥነቴን ቀንሼ እጠብቃለሁ። ማንም አያስገባኝም፤ ከኋላዬ ያሉት ደግሞ በክላክስ ያደነቁሩኛል። በሚቀጥለው ወር ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ በክፍያ መንገዱ ወደ አዳማ መንዳት ይኖርብኛል። ወንድሜ ‹መግቢያው ጫፍ ላይ ቁሚ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን ግቢ› ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ፍሬቻ ካበራሽ ቅድሚያው ያንቺ ነው› ትላለች። ማንን ልስማ?»

መልስ፦ ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የወንድምዎ ስህተት ግን የበለጠ አደገኛ ነው።

በፍሬቻው እንጀምር። ፍሬቻ ያሰቡትን ለሌላው ማሳወቂያ ነው፤ መብት አይሰጥም። ቅድሚያው በረድፉ ውስጥ አስቀድሞ የሚሄደው ተሽከርካሪ ነው። ረድፍ የሚቀይረው ሰው ማንንም ፍሬን ሳያስይዝ፣ የማንንም መሪ ሳያስጠመዝዝ የመግባት ኃላፊነት አለበት። ግጭት ቢደርስ «ፍሬቻ አብርቼ ነበር» ማለት ከጥፋተኝነት አያድንም። ያም ሆኖ መብራቱ ሥራ አለው፦ መሪ ከመነካቱ ቢያንስ 3 ሰከንድ ቀድሞ ሲበራ፣ ከኋላ የሚመጣው ሰው እግሩን ከነዳጅ ላይ ለማንሳት ጊዜ ያገኛል። መሪ እየዞረ የሚበራ ፍሬቻ ግን የሆነውን ከመናገር ያለፈ ጥቅም የለውም።

አሁን ወደ ድልድዩ። የማያስገቡዎት ክፉ ስለሆኑ ብቻ አይደለም (እርግጥ ፍሬቻ ሲያይ ነዳጅ የሚጨምር ሹፌር ሞልቷል)። ዋናው ምክንያት ፍጥነት መቀነስዎ ነው። የመሀሉ ረድፍ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ እርስዎ ወደ 25 ወረዱ እንበል። የ15 ኪሎ ሜትር ልዩነት በሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ነው። አጠገብዎ የነበረው ክፍት ቦታ በ4 ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ቀድሞዎት ይሄዳል፤ ማለትም እርስዎ መስታወት አይተው፣ አመንትተው፣ እንደገና አይተው እስኪወስኑ ክፍተቱ የለም። ቀጥሎ የሚመጣውም እንዲሁ ያልፍዎታል። ክፍተት የቆመ በር አይደለም፤ ከመኪኖቹ ጋር አብሮ የሚጓዝ ቦታ ነው። ሊገቡበት የሚችሉት እኩል አብረውት ሲሄዱ ብቻ ነው። ከኋላዎ ያሉትም ክላክስ የሚነፉት ያለ ምክንያት ፍሬን ስላስያዟቸው ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። መጀመሪያ በመስታወት ክፍተቱን ይምረጡ፣ ከዚያ ፍጥነትዎን ከዚያ ረድፍ ጋር ያስተካክሉ፣ ፍሬቻ ያብሩ፣ አንገትዎን አዙረው ይመልከቱ፣ በመጨረሻ መሪውን በጥቂቱ ያዙሩ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት ረድፍ ይዟል። በ40 ሲነዳ ድልድዩን ለመጨረስ 34 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። አንድ ጥሩ የረድፍ ቅያሪ ከመስታወት እስከ መረጋጋት 8 ወይም 10 ሰከንድ ይበቃዋል። ጊዜ አለዎት፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም። የመጀመሪያው ክፍተት ካለፈዎት ፍጥነትዎን ሳይቀንሱ ሁለተኛውን ይጠብቁ።

በከተማ ፍጥነት ይህ ስህተት የሚያመጣው ክላክስ ነው። በፈጣን መንገድ ላይ ግን ሌላ ነገር ያመጣል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ እርስዎ በ60 እየሄዱ፣ ሊገቡበት ባሰቡት ረድፍ ከኋላ በ100 የሚመጣ መኪና አለ እንበል። በመስታወት ሲያዩት 80 ሜትር ርቋል፤ ሩቅ ይመስላል። የፍጥነት ልዩነቱ 40 ኪሎ ሜትር፣ በሰከንድ 11 ሜትር ነው። ረድፍ ለመቀየር 4 ሰከንድ ቢወስድብዎት ከ80ው ሜትር 44ቱ አለቁ፤ 36 ቀረ። ያ ሹፌር አይቶ ምላሽ ለመስጠት ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት ወደ 17 ሜትር፣ ሳይደናገጥ ፍሬን ይዞ ወደ እርስዎ ፍጥነት ለመውረድ ደግሞ ወደ 21 ሜትር ይፈልጋል። ድምሩ 38 ነው። ያለው 36። ይኸው የሚያስፈራው ሒሳብ ነው፦ 80 ሜትር አይበቃም። በዚያው ቦታ በ90 እየሄዱ ቢሆን ግን በ4 ሰከንድ ውስጥ የሚቀንሰው 11 ሜትር ብቻ ነው፤ ከኋላ ያለው ሰው እግሩን ከነዳጅ ላይ ከማንሳት የበለጠ ምንም አያደርግም።

የወንድምዎ ምክር ከዚህ የባሰ የሚሆነው መነሻው ዜሮ ስለሆነ ነው። ትንሽ መኪና ከቆመበት ተነስቶ 90 ለመድረስ 15 ሰከንድ ቢፈጅበት ወደ 190 ሜትር ይሄዳል። በዚያው 15 ሰከንድ በ100 የሚመጣው መኪና ከ400 ሜትር በላይ ይሸፍናል። እንግዲህ ከኋላዎ ከ250 እስከ 300 ሜትር ባዶ መንገድ ያስፈልግዎታል ማለት ነው፤ በ90 ለሚገባ ሰው ግን 50 ሜትር ያህል በቂ ነው። ሰው የጫነ ወይም ኤር ኮንዲሽነር የከፈተ መኪና ከዚህም ይዘገያል። ከፍታውንም አይርሱ፦ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ። የመኪናው መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የማፍጠኛ ሰከንድ በባሕር ጠለል የተለካ ነው፤ እኛ ጋ አይሠራም።

አንድ የሚያረጋጋ ነገር ልጨምር። በቱሉ ዲምቱ በኩል ከገቡ መጀመሪያ የሚያገኙት የትኬት መቀበያ ጣቢያውን ነው። እዚያ ሁሉም ሰው ቆሞ ስለሚነሳ የፍጥነት ልዩነቱ ትንሽ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፦ ከብዙ መስኮቶች የወጡ መኪኖች ወደ ሦስት ረድፍ ሲሰበሰቡ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ግራ ይጎርፋሉ። የቀኝ ጫፍ መስኮት መርጠው ከገቡ ቀጥ ብለው ወደ ቀኙ ረድፍ ይወጣሉ፤ በማንም ፊት መቁረጥ አያስፈልግዎትም። ለመክፈል ሲወጡም እንዲሁ መስኮትዎን ከሩቅ ይምረጡ፤ ደጃፉ ላይ ደርሶ ወደ አጭሩ ሰልፍ መዝለል የጎን ግጭት ያመጣል።

እውነተኛው መቀላቀል የሚገጥምዎት መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች ተነስተው በጠመዝማዛው መግቢያ ሲገቡ ነው። ጠመዝማዛውን በተጻፈው ፍጥነት ይጨርሱ። መንገዱ ቀጥ ማለት ሲጀምር፣ ገና ዋናው መንገድ ሳይነካዎት፣ በግራ መስኮት አሻግረው ይመልከቱ፤ ብዙውን ውሳኔ የሚወስኑት እዚያ ነው። ፍሬቻ፣ ከዚያ ነዳጅ። ማንዋል ከሆነ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆነው ሞተሩ እስኪጮህ ይስጡት፤ አራተኛ አስገብቶ ሞተሩን ማድከም ጊዜ ያባክናል። ኦቶማቲክ ከሆነ ፔዳሉን ጠለቅ አድርገው ሲረግጡ ማርሹን ራሱ ያወርዳል። ከዋናው መንገድ ጎን ለጎን የሚሄደው ረድፍ (ማፍጠኛው) የተሠራው ለማፍጠን ነው፤ ርዝመቱን እስከ መጨረሻው ይጠቀሙበት። የተዘረጋውን ነጭ መስመር ቆርጠው ገና መግቢያው ላይ በ50 ዘለው አይግቡ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ዓይንዎ መስታወት ላይ ተተክሎ ሳለ ከፊትዎ ያለው መኪና ፈርቶ ፍሬን ሊይዝ ይችላል። መግቢያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ግጭት ይህ ነው፦ ሰውዬው ገባ ብለው ነዳጅ ሰጡ፤ እሱ ግን አልገባም። ከፊት ያለው ሰው እንደ እርስዎ ጀማሪ ከመሰለዎት ወደ ማፍጠኛው ሳይገቡ 3 ሰከንድ፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ ያርቁት።

ክፍተት ባይገኝስ? ውሳኔው ቀድሞ መሆን አለበት። ዋናው መንገድ ላይ ከባድ መኪኖች ተከታትለው ሲያልፉ ካዩ፣ ማፍጠኛው መጀመሪያ አካባቢ ሳሉ ፍጥነት ይቀንሱና ያሳልፏቸው፤ ከፊትዎ ለማፍጠን የሚበቃ መንገድ ይቀርልዎታል። ጫፉ ላይ መድረስና መቆም የመጨረሻው መጥፎ ምርጫ ነው። በፍጥነት ላይ እያሉ ረድፉ ካለቀብዎት ደግሞ በጉልበት አይግቡ፤ ቀጥ ብለው ወደ መንገዱ ትከሻ ይውጡ፣ አራቱን ፍሬቻ ያብሩ፣ ቀስ ብለው ይቀንሱ። ትከሻው የሚያገለግለው ለዚህ ዓይነቱ ድንገተኛ ነገር ነው እንጂ ለመቅደሚያ አይደለም።

ስለ ስፖኪዮ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው። የጎን መስታወት የራስዎን መኪና በር ግማሹን ድረስ ካሳየዎት በስህተት ተስተካክሏል። መቀመጫዎን አስተካክለው ይቀመጡ። ጭንቅላትዎን ወደ ግራው መስኮት ጠጋ አድርገው፣ የመኪናውን ጎን በቀጭኑ እስኪያዩ ድረስ የግራውን መስታወት ወደ ውጭ ይግፉት። ለቀኙ ደግሞ ወደ መኪናው መሀል ዘንበል ብለው እንዲሁ ያድርጉ። ቀጥ ብለው ሲቀመጡ የራስዎ መኪና አይታይም፤ አጠገብዎ ያለው ረድፍ ግን ይታያል። የሚያልፍ መኪና ከውስጠኛው መስታወት ሲጠፋ በጎን መስታወት፣ ከጎን መስታወት ሲጠፋ በዓይንዎ ጠርዝ መታየት አለበት፤ ቆመው ሳሉ ሲያልፍዎት በመመልከት ይፈትኑት። መስታወቱ ጎበጥ ያለ ከሆነ ነገሩን ከእውነቱ አርቆ ያሳያል፤ ርቀት ለመገመት የውስጠኛውን ይመኑ። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ቪትዞች ላይ የጎን መስታወቱ በቂ ላይዞር ይችላል፤ ይህን ጋራዥ ወስዶ ማስተካከል ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማል።

መስታወቱ የቱንም ያህል ቢስተካከል ከኋለኛው ምሰሶ ጀርባ የሚሰወር ቦታ ይቀራል። ባጃጅ ስፋቷ 1 ሜትር ከ30፣ ርዝመቷ ከ2 ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም፤ ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ አንገት ማዞር ግድ ነው፤ አገጭዎ ትከሻዎ ላይ እስኪደርስ፣ ለአንድ ሰከንድ ብቻ። ባሕር ዳር ውስጥ ይህ በተለይ ወደ ቀኝ ሲመለሱ ይጠቅማል። መኪናው በተጨናነቀበት ሰዓት ብስክሌተኛው ከእርስዎ ይፈጥናል፤ በቀኝ በኩል ዳሩን ይዞ ይመጣል፣ መብራትም ክላክስም የለውም። ከመሀል ወደ ቀኝ ረድፍ ገብተው ወዲያው ወደ ውስጥ መንገድ የሚታጠፉ ከሆነ ሁለት ጊዜ ማየት አለብዎት፦ አንዴ ረድፉን ሲቀይሩ፣ አንዴ ሲታጠፉ። ሁለቱ እይታዎች አንዱ የሌላውን አይተኩም። ባጃጁም ሰው ሊጭን ድንገት ወደ ዳር እንደሚቆም አስቀድመው ይቁጠሩት።

መሪውን ማዞር ራሱ ቀላል ነው። እጅ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ የሚፈጅ ለስላሳ ማዘንበል ነው። እየገቡ ፍሬን አይንኩ። ሁለት ረድፍ በአንድ ጊዜ አይቁረጡ፤ አንዱን ገብተው ይረጋጉ፣ ፍሬቻውን ያጥፉ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ከመስታወት ይጀምሩ። ፍሬቻው ሳይጠፋ የሚቀጥል ሰው ከኋላው ላለው ሹፌር እንቆቅልሽ ነው።

ሌላ የሚያደናግር ልማድ አለ። ከባሕር ዳር በወረታ ወደ ጎንደር፣ ወይም በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በሚወስዱት መንገዶች ላይ የከባድ መኪና ሹፌር የቀኝ ፍሬቻ ሲያሳይ «እለፍ»፣ የግራ ሲያሳይ «ቆይ» እያለ መነጋገር የተለመደ ነው። ይህን ቋንቋ ወደ ክፍያ መንገዱ ይዘው አይሂዱ። እዚያ የግራ ፍሬቻ ያበራ ተሳቢ ወደ ግራ እየመጣ ነው፣ የቀኝ ያበራም ወደ ቀኝ። የፊት መብራት ብልጭታም እንዲሁ አሻሚ ነው፤ አንዱ «ግባ» ለማለት፣ ሌላው «እየመጣሁ ነው፣ እንዳትገባ» ለማለት ያበራዋል። የሚታመነው የመኪናው ፍጥነት መቀነስ ነው። ከተሳቢ ጎን ሲሄዱ የሹፌሩን ፊት በመስታወቱ ውስጥ ካላዩት እሱም አያይዎትም። ቀድመውት ወደ ረድፉ ሲመለሱ ሁለቱም የፊት መብራቶቹ በውስጠኛው መስታወትዎ ውስጥ ሙሉ ሆነው እስኪታዩ ይጠብቁ። የተጫነ መኪና እንደ ቪትዝ አይቆምም።

እነዚያ የክልል መንገዶች ላይ ደግሞ «ረድፍ መቀየር» የሚባል ነገር የለም። መንገዱ ሁለት አቅጣጫ ስለሆነ ወደ ግራ መውጣት ከፊት በሚመጣው ረድፍ ላይ መንዳት ነው። በ60 የሚሄድ የጭነት መኪና በ80 ሆነው ለመቅደም 10 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ እርስዎ 220 ሜትር ይሄዳሉ፣ ከፊት በ80 የሚመጣውም 220። ሐሙሲትና ወረታ መካከል ባለው ለጥ ያለ ሜዳ መንገዱ ሩቅ ድረስ ስለሚታይ ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከ500 ሜትር ያላነሰ ንጹሕ እይታ ከሌለ፣ ወይም መሀሉ ላይ ያልተቆራረጠ መስመር ካለ፣ ከኋላ መቆየት ነው። ጋሪና ከብት ከዳር ሲገባ ደግሞ ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል።

መንገድ ሲጠብ፣ ለምሳሌ ጥገና ኖሮ ሁለት ረድፍ ወደ አንድ ሲሰበሰብ፣ ምን ይደረጋል? እንደ ፍጥነቱ ይለያያል። መኪናው በፍጥነት የሚሄድ ከሆነ ቀድመው ይቀይሩ። የተጨናነቀና የሚንፏቀቅ ከሆነ ግን ሁለቱንም ረድፍ እስከ መጥበቢያው ተጠቅሞ፣ እዚያ ሲደርሱ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እየተፈራረቁ መግባት ይሻላል። በጀርመንና በኦስትሪያ ይህ በሕግ የተጻፈ ግዴታ ነው። እኛ ዘንድ እስከ ጫፍ የሄደውን ሰው «ሰልፍ ቆረጠ» ብለን በሩን እንዘጋበታለን፤ ውጤቱ ግን አንድ ረጅም ሰልፍና አንድ ባዶ ረድፍ ነው። ልማዱ እስኪለወጥ መስኮት ከፍቶ በእጅ መጠየቅ ከፍሬቻ የተሻለ ይሠራል፤ በእኔ ግምት በተለይ ባሕር ዳር።

ድንገተኛ ፍሬን ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚጓዝ ካልታመነዎት እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ የታተመ የጃፓን ሙከራ አለ። 22 መኪኖች 230 ሜትር ዙሪያ ባለው ክብ መንገድ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር እኩል እንዲነዱ ተደረገ። ማንም ሳያጠፋ፣ ምንም መሰናክል ሳይኖር፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጨናነቁ ራሱ ተፈጠረና ወደ ኋላ መንከባለል ጀመረ። አንዱ ትንሽ ሲቀንስ የኋላው ትንሽ አብልጦ ይቀንሳል፤ መጨረሻ ላይ አንዱ ይቆማል። ድልድዩ ላይ በ25 ሲንቀራፈፉ የሚፈጥሩት ይህንኑ ነው። «ያኛው ረድፍ ይፈጥናል» ብሎ መመላለስም ትርፍ የለውም፦ የሚቀድሙዎት መኪኖች ተራርቀው ስለሚሄዱ ለረጅም ጊዜ ያዩዋቸዋል፤ እርስዎ የሚቀድሟቸው ግን ተጠጋግተው ቆመው ስለሆነ በቅጽበት ያልፋሉ፤ ስለዚህ የራስ ረድፍ ሁልጊዜ የዘገየ ይመስላል።

በክረምት ዝናብ ይህን ሁሉ ያስፉት። ከፊት ላለው መኪና የሚተዉትን 3 ሰከንድ ወደ 5 ያሳድጉ፤ ጎማዎ ካለቀ ደግሞ ውሃ ባቆረ አስፋልት ላይ ረድፍ አይቀይሩ። ማታ አንድ መብራት ብቻ ሲያዩ ሞተር ሳይክል ነው ብለው አይደምድሙ፤ አንድ ዓይኑ የጠፋ ከባድ መኪናም ሊሆን ይችላል።

የማዝዎት እንዲህ ነው። እሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ሳይሞላ፣ ድልድዩ ላይ ይውጡ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ረድፍ አይቀይሩ፤ ቀኙን ይዘው፣ ከመሀሉ ረድፍ እኩል እየሄዱ፣ ክፍተት መምረጥና «አሁን እገባ ነበር» ማለት ብቻ ይለማመዱ። ያ ሳይከብድዎት ሲቀር መግባት ይጀምሩ። እግርዎ በልማድ ወደ ፍሬን እየሄደ መሆኑን ካዩ ገና አልደረሱም፤ የአዳማውን ጉዞ ከሌላ ሹፌር ጋር ይሂዱ። ከደረሱ ግን በመጀመሪያው ቀን የቀኙን ረድፍ ይዘው ከ80 እስከ 90 ይንዱ፣ የተለጠፈው ምልክት ከዚያ ካሳነሰ ምልክቱን ይከተሉ፤ እስከ 120 የሚፈቀድ መሆኑ 120 መንዳት ግዴታ አያደርገውም። በጣም የዘገየ ከባድ መኪና ካጋጠመዎት ብቻ ወደ መሀል ወጥተው ይለፉት። መውጫ ካመለጠዎት ወደ ኋላ መንዳትም፣ ትከሻ ላይ ቆሞ መመለሻ መፈለግም የለም፤ እስከሚቀጥለው መውጫ ይሂዱና የተጨመረውን ኪሎ ሜትር ይክፈሉ።